ምርቃና ላይ የሚገጣጠም ኮምፒውተር

ፍራሽ ላይ ጋደም ብሎ ኮምፒውተር የሚገጣጥም ሰው አይታችኋል? ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ያለው ጓደኛዬ ጀማል ከምሳ በኋላ፣ በርጫ ላይ፣ አንድ ብሎን ሳይነካ በየቀኑ ይገጣጥም ነበር። ከታናሽ ወንድሙ ከሐምዛ ጋር ጌም ሊጫወትበት ነው።

ጀማል ጫት ሳይቀምስ ልኩን የሚያውቅ ሰው ነው። "ያገለገለ ግራፊክስ ካርድ ይበቃናል" ይላል። ትንሽ ሲቅም ያገለገለውን ይንቅና አዲስ ያምረዋል። ምርቃናው ሲመጣማ ጉድ ነው! ዓለም ላይ አለ የተባለው ካርድ፣ የድሬ ሙቀት እንዳያግለው ደግሞ በውሃ የሚቀዘቅዝ! እኛም "ማሻአላህ" እያልን አንዳንድ ዕቃ እንጨምርለታለን። ከኪሳችን አይወጣ፣ ምን ገዶን?

ፀሐይ ስትጠልቅ ምርቃናው ይወርዳል፤ ኮምፒውተሩም አብሮ ይፈርሳል።

እውነቱን ለመናገር ኬዙን፣ ዕቃው የሚገባበትን ሳጥን፣ ገዝቶ ነበር። ጎኑ መስታወት ስለሆነ እናቱ የእንግዳ ብርጭቆ ደረደሩበት። ባዶውን ከሚቆም ምን ያድርጉ?

"አቦ ጀማል፣ ርካሹን ዛሬ እንግዛው!" ይለው ነበር ሐምዛ።

"ትንሽ ታገስ፣ ወላሂ ምርጡን ነው የማመጣልህ።"

ሐምዛ ታገሰ። ታግሶ ታግሶ ለሥራ ጅቡቲ ሄደ፤ እዚያው አገባ፤ እዚያው ወለደ።

በቀደም ጀማል ርካሹን ገዛ። ብርጭቆዎቹ ወጡ፣ ዕቃው ገባ፣ መብራቱ ቦግ አለ። እንኳን ደስ አለህ ልለው ብሄድ ሁለተኛውን ጆይስቲክ አቀበለኝ። ስክሪኑን ሳይ የእኔ ተጫዋች ስም "ሐምዛ" ይላል። ላስተካክለው እጄን ስሰነዝር ጀማል ያዘኝ።

"ተወው" አለኝ። "በሱ ስም ተጫወት።"