ቁጥር የሌለበት ሂሳብና የእናቴ ወዳጃ

ሰው የሚያልመው ሲተኛ ብቻ ነው የምትሉ ካላችሁ፣ አብስትራክት አልጀብራ ተምራችሁ አታውቁም ማለት ነው። እኔ ዓይኔን አፍጥጬ፣ እስክሪብቶ ይዤ፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ቁጭ ብዬ ያለምኩትን ያህል ፍራሽ ላይ ተጋድሜ አልሜ አላውቅም። ዩኒቨርሲቲያችን ያለባት መካነ ሰላም ደግሞ ለዚህ ትመቻለች። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከአባይ ገደል ቀስ እያለ ይወጣና መስኮቱን ይሸፍነዋል። መምህራችን ጀርባውን ሰጥቶን፣ «ጂ የሚባል ስብስብ አለን እንበል» ይላል። አለቀ! እኔ «እንበል» ካለበት ተነስቼ፣ በጉሙ ውስጥ ለውስጥ አድርጌ፣ አገሬ ከላላ፣ እናቴ ደጃፍ እደርሳለሁ። ስመለስ ሰሌዳው ሞልቶ ተጠርጓል።

ፊዚክሱም ያው ነው። ኤሌክትሮን የሚባለው ነገር ሳይለኩት በፊት እዚህ ነው፣ እዚያ ነው አይባልም አሉን። ክፍሉ ተንጫጫ። እኔን ግን፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ ይቺ ብቻ ገባችኝ። ታላቅ እህቴ ሰዓዳ በባሕር ወደ ሳውዲ የወጣች ጊዜ፣ እስክትደውል ድረስ ጅቡቲም ነበረች፣ የመንም ነበረች፣ ውሃው ውስጥም ነበረች፤ እናቴ በሁሉም ቦታ ታለቅስላት ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ ፈተና ላይ ይህን ብጽፍ ማርክ የሚሰጠኝ የለም።

ያን ሴሚስተር ነገሩ ከረረ። አልጀብራውን ወድቄ እየደገምኩት ነበር፤ አሁንም ከወደቅኩ መባረር ነው። ተባሮ ቤቱ የገባ ወንድ ልጅ ደግሞ ብዙ አይቀመጥም፤ ደላላ ይፈልግና እህቱ በሄደችበት ይሄዳል። እናቴ የምትፈራው ኤፉን አይደለም፣ ባሕሩን ነው። ስለዚህ ሳታማክረኝ ወዳጃ ጠራች፤ እኔንም ከግቢ አስመጣችኝ።

ወዳጃ ለማታውቁት፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ጫት ቀርቦ፣ የጨነቀው ሰው ጭንቀቱን በገዛ አፉ ተናግሮ ዱዓ የሚደረግለት የእኛ የወሎ ነገር ነው። እስላሙም ክርስቲያኑም ይመጣል። የሚያስቸግረው በገዛ አፍ መናገሩ ነው። ዱዓ አድራጊው ሼህ ይማም ፊታቸው አስቀመጡኝ።

«ምን ሆነህ ነው ልጄ?»

«ሂሳብ ከብዶኝ ነው።»

«ሂሳብማ ገበያ የወጣ ሁሉ ያውቀው የለ?»

«ይሄኛው ቁጥር የለበትም።»

ሼህ ይማም መቃማቸውን አቆሙ። «ቁጥር የሌለበት ሂሳብ! በምን ትሠሩታላችሁ ታዲያ?»

«በፊደል።»

«ሠርታችሁ ስትጨርሱስ ምን ታገኛላችሁ?»

«ሌላ ፊደል።»

ጎረቤታችን አያ ካሳ «በስመአብ!» ብለው አማተቡ። ለታመመ፣ ለጠፋ በሬ፣ ባሕር ለተሻገረ ዱዓ ማድረግ የለመዱት ሼህ ይማም ትንሽ አሰቡ፤ ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ።

«ያ ረቢ፣ ይህን ልጅ ከዚያ ግቢ አታስወጣብን!»

«አሚን!»

«የመምህሩን ልብ አራራልን!»

«አሚን!» የአያ ካሳ አሚን ከሁሉም በልጦ ተሰማ። እኔማ አንገቴን ደፍቼ ነበር፤ እፍረቱ ሌላ፣ ደስታው ሌላ። ያ ሁሉ ሰው ለማያውቀው ነገር እጁን ዘርግቶ ለመነልኝ።

ወደ ግቢ ከተመለስኩ በኋላ የሼህ ይማም ጥያቄ አላስቀምጥ አለኝ። እውነትም ምንድን ነው የምናገኘው? መልሱን ልፈልግ ብዬ መጽሐፉን ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርኩት። ጉሙ ሲመጣም መስኮቱን ጀርባ ሰጠሁት። መልሱን እስካሁን አላገኘሁም፤ ሲ ግን አገኘሁ። ሲ ብላችሁ አትናቁብኝ፣ እናቴ በስልክ እልል ስትል የሰማ ሰው ልጇን የዳረች ይመስለው ነበር።

ለእረፍት ቤት ስገባ በግ ታርዶ ጠበቀኝ። በልተን ሰዉ ሲሄድ እናቴ አጠገቤ ቁጭ አለች።

«አሁን እንግዲህ ምን ቀረህ?»

«ምንም አልቀረኝም እማ። ሰኔ ላይ መመረቅ ነው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ወደ ቤት ነዋ።»

«ሥራስ?»

ሁለታችንም ያሰብነው የአያ ካሳን ልጅ ነው። አምና ተመርቋል። ጋዋን ለብሶ የተነሳው ፎቶ እነ አያ ካሳ ቤት ግድግዳ ላይ ነው፤ እሱ ራሱ ሪያድ ነው።

እናቴ ጉልበቴ ላይ እጇን አሳረፈች።

«የኔ ልጅ» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «መምህሩን ብትለምነው፣ አንዷን ትምህርት እንኳ ለከርሞ አያቆይልህም?»

«እስቲ እጠይቀዋለሁ» አልኳት።