የቅስቱ ዘመዶች

[የሰባት መቶ ዓመት ዕድሜ ያለው፣ ጣሪያው ከፊሉ የወደቀ የድንጋይ ቤት ደጃፍ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። የዋናው በር ቅስት እንዲታደስ ፈርሶ፣ ድንጋዮቹ መሬት ላይ ተደርድረዋል፤ የጓሮው በር ቅስትም እንዲሁ ፈርሷል። በበሩ መሃል አዲሱ ቅስት የሚያርፍበት የእንጨት ደጋፊ ብቻውን ቆሟል። ሊቁ የእድሳቱ ኃላፊ ነው፤ ሰፈሩ ይህን ስም ያወጣለት «የማላውቀው ነገር የለም» ስለሚል ነው። ዝግታ ግንበኛው ነው፤ የሊቁን ታናሽ እህት አግብቷል። የእሱን ስም ያወጣለት ደግሞ ሊቁ ራሱ ነው። ዝግታ አንዱ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ዳቦ ይገምጣል።]

ሊቁ፦ ተነስ ብዬሃለሁ!

ዝግታ፦ ዳቦዬን ልጨርስ።

ሊቁ፦ የተቀመጥክበት ድንጋይ ሰባት መቶ ዓመቱ ነው!

ዝግታ፦ ወገቤም እንደዚያው ነው የሚሰማኝ። ተስማምተናል።

ሊቁ፦ ቅርስ ላይ አይቀመጥም!

ዝግታ፦ ታዲያ ሰባት መቶ ዓመት ሙሉ ሰው የት ሲቀመጥ ኖረ?

ሊቁ፦ ወንበር ላይ!

ዝግታ፦ ወንበሩስ እስከዛሬ ቅርስ አልሆነም?

ሊቁ፦ [ሄልሜቱን አውልቆ ራሱን ያካል] እህቴን ለአንተ የዳርኩት እኔ ነኝ፤ ማንንም አልወቅስም። ስማኝ። ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ቤቱ ለማን እንደሚሰጥ የሚወስነው ኮሚቴ ሰብሳቢ ትደውላለች። በቪዲዮ! ቅስቱ ቆሞ ካየች ቤቱ የእኛ ነው። ታች የልጆች ማንበቢያ፣ ፎቁ ላይ የሙዚቃ ትምህርት፣ ግቢው ውስጥ የድንጋይ ሥራ ማስተማሪያ። ካልቆመ ግን ቤቱ የሲሚንቶ ነጋዴው መጋዘን ይሆናል። ገባህ?

ዝግታ፦ ታች ዝም ብለው ያነባሉ፣ ላይ ከበሮ ይደልቃሉ?

ሊቁ፦ በመሃል የሰባት መቶ ዓመት ወለል አለ!

ዝግታ፦ ወለሉ እኮ ቀዳዳ አለው። ባለፈው ሳምንት ከላይ መዶሻ ቢያመልጠኝ ታች አንተን ነው ያገኘህ።

ሊቁ፦ አስታውሳለሁ! ሄልሜት የማደርገው ለምን ይመስልሃል?

ዝግታ፦ ለማማር።

ሊቁ፦ ቀዳዳው ይደፈናል! አሁን ጭንቀቴ ቅስቱ ነው።

ዝግታ፦ እሺ። የድንጋይ ሥራውን የሚያስተምረውስ ማን ነው?

ሊቁ፦ [የሸሚዙን ኮሌታ ያስተካክላል] ሰው እየተፈለገ ነው። ይኸው ነው የምልህ፤ ሌላ ምንም አልልም። እኔ ግን ለእናቴ ነግሬያታለሁ።

ዝግታ፦ ለአማቴ ከነገርክማ ሰፈሩ ሰምቷል።

ሊቁ፦ ሰፈሩማ እንኳን ደስ ያለህ ብሎኝ ጨርሷል! ስለዚህ ሥራ! ሃያ ሦስት ድንጋይ ነው። ስናፈርስ በእያንዳንዱ ላይ በጠመኔ ቁጥር ጽፌበታለሁ። ደብተሬ ላይ ደግሞ የትኛው ቁጥር የት እንደሚገባ ሥያለሁ። ሳይንስ ማለት ይኸ ነው። በል አንድ ቁጥርን አምጣ።

ዝግታ፦ [ድንጋዮቹን ይቃኛል] የቱ ነው አንድ ቁጥር?

ሊቁ፦ አንድ የተጻፈበት ነዋ!

ዝግታ፦ ምንም የተጻፈበት የለም።

ሊቁ፦ እንዴት የለም? [ይንበረከካል። አንዱን ይገለብጣል፣ ሌላውን ይገለብጣል። ከዚያ በእጅና በጉልበቱ እየዳኸ ሁሉንም ይዞራቸዋል።] ቁጥሮቼ! ቁጥሮቼ የት ሄዱ?

ዝግታ፦ አጠብኳቸው።

ሊቁ፦ ምን አደረግክ?

ዝግታ፦ አንተ አይደለህ ያዘዝከኝ? «የዛሬ ሰባት መቶ ዓመት ከጠራቢው እጅ ሲወጡ እንደነበሩ አድርገህ እጠባቸው» አላልከኝም ትናንት?

ሊቁ፦ ብያለሁ! ጥቀርሻውን ማለቴ ነው! የወፍ ኩሱን!

ዝግታ፦ ያኔ ከጠራቢው እጅ ሲወጡ ቁጥር ነበረባቸው?

ሊቁ፦ አልነበረባቸውም።

ዝግታ፦ ይኸው የለባቸውም።

ሊቁ፦ ሰው ትንሽ እንኳ አያስብም?

ዝግታ፦ አስቤ ነበር እኮ! ሦስተኛው ላይ ስደርስ «ቁጥሩም ይታጠብ ወይ?» ብዬ ልጠይቅህ መጣሁ። ገና አፌን ስከፍት «ጥያቄ አታብዛ፣ በብሩሽ ፈትገው» አልከኝ። ፈተግኩት። ሰባት ቁጥር በተለይ አስቸግሮኝ ነበር፤ ጎበዝ ጠመኔ ነው ያለህ።

ሊቁ፦ ቆይ፣ ቆይ! ጠመኔ ቢታጠብም ቅሪቱ ይኖራል። የረጠበ ድንጋይ ምስጢር አይደብቅም። [አንዱን ድንጋይ በምላሱ ይልሳል]

ዝግታ፦ ምን ምን ይላል?

ሊቁ፦ [እየተፋ] ሳሙና!

ዝግታ፦ እሱ ላይ አብዝቼ ነበር።

ሊቁ፦ [ደብተሩን ደረቱ ላይ ለጥፎ ድንጋዩ ላይ ዘፍ ይላል] አለቀልኝ። ለእናቴ ምን እላታለሁ?

ዝግታ፦ ቅርስ ላይ ነው የተቀመጥከው።

ሊቁ፦ ተወኝ!

ዝግታ፦ አይ እንግዲህ፣ እንሥራው እንጂ።

ሊቁ፦ በምን እንሥራው? እያንዳንዱ ድንጋይ የተጠረበው ለአንድ ቦታ ብቻ ነው! አንዱ ቦታ ከሳተ ሁሉም ይወርዳል! ሃያ ሦስት ድንጋይ በስንት ዓይነት መንገድ እንደሚደረደር ታውቃለህ?

ዝግታ፦ በአንድ።

ሊቁ፦ በሚሊዮን! በሚሊዮን ሚሊዮን!

ዝግታ፦ የሚቆመው በአንዱ ነው፤ የቀረው ምን ያደርግልሃል? [ዳቦውን ኪሱ ከትቶ ይነሳል] በል አግዘኝ፤ በአጎትህ እንጀምር።

ሊቁ፦ በማን?

ዝግታ፦ በአጎትህ። [ትልቁን ድንጋይ መታ መታ ያደርጋል] በግራ በኩል ታች የሚቀመጠው ይኸ ነው። ሰፊ ነው፣ ከባድ ነው፣ አንዴ ከተቀመጠ አይነሳም።

ሊቁ፦ አጎቴን ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?

ዝግታ፦ እኔ ቁጥር ይጠፋብኛል፤ ታውቀኝ የለም እንዴ? ሰው ግን አይጠፋብኝም። ስናፈርስ አንተ ቁጥር ስትጽፍ እኔ በሆዴ ስም አወጣሁላቸው። ግራው የአባትህ ወገን፣ ቀኙ የእናትህ ወገን።

ሊቁ፦ ቤተሰቤን ድንጋይ አደረግከው?

ዝግታ፦ ኧረ ድንጋዩን ነው ቤተሰብ ያደረግኩት።

ሊቁ፦ ይኸ... ይኸ ኋላ ቀርነት ነው!

ዝግታ፦ እሺ፣ አንተ በሳይንስ ጀምር፤ እኔ ዳቦዬን ልጨርስ።

[ሊቁ ሰዓቱን ያያል። ደብተሩን ያያል። ድንጋዮቹን ያያል። ሰዓቱን እንደገና ያያል።]

ሊቁ፦ አጎቴን በየት በኩል ልያዘው?

[አጎትየው በሸክም ይወሰዳሉ፤ በግራ በኩል ታች ሲቀመጡ ልክክ ይላሉ። ዝግታ በካዞላ፣ በግንበኛ ማንኪያው፣ ኖራ ይለቀልቃል፣ ቱንቢ ይጥላል፣ ራሱን ይነቀንቃል።]

ሊቁ፦ ገባ! ... በአጋጣሚ ነው። ቀጥሎስ?

ዝግታ፦ በቀኝ በኩል ታላቋ አክስትህ። ያቻትልህ። መሃሏ ላይ ስንጥቅ አለባት፤ ያን ሁሉ የተሸከመችው ግን እሷ ናት።

ሊቁ፦ [እያነሳ] ኧረ ወገቤን! እውነትም እሷ ናት!

ዝግታ፦ ከዚያ መንታዎቹ።

ሊቁ፦ ሁለቱም አንድ ዓይነት አይደሉም እንዴ? የቱ ነው ታላቁ?

ዝግታ፦ ጠርዙ የተሸረፈው። ልጅ ሆኖ ከደረጃ የወደቀው እሱ አይደል?

ሊቁ፦ እሱ ነው! ግንባሩ ላይ ምልክቱ አለ! [ድንጋዩን ሳያስበው ይዳብሰዋል፤ ከዚያ አፍሮ እጁን ይሰበስባል]

ዝግታ፦ አሁን ወደ ግራ እንመለስ። ከአጎትህ ላይ ትንሿን አክስትህን።

ሊቁ፦ በጭራሽ!

ዝግታ፦ ምነው?

ሊቁ፦ በአጥሩ ነገር ከተጣሉ ወዲህ አይነጋገሩም! ዘጠኝ ዓመታቸው! ሠርግ ላይ እንኳ አንድ ጠረጴዛ ላይ አናስቀምጣቸውም። የአጎቴ ልጅ በመሃል ይግባ።

ዝግታ፦ አይገባም።

ሊቁ፦ ስለ ቤተሰቤ እኔን ልታስተምረኝ ነው? [የአጎቱን ልጅ አንስቶ ያስገባል። ድንጋዩ ይንሸራተትና እግሩ ሥር ዱብ ይላል። ሊቁ ይዘላል።]

ዝግታ፦ እሱ መቼ መሃል ገብቶ አስታርቆ ያውቃል?

ሊቁ፦ ድንጋዩ... በውሃ አብጦ ነው! አንተ አጥበኸው!

ዝግታ፦ ትንሿን አክስት አቀብለኝ። [ያስገባታል። በእንጨት መዶሻ አንዴ ኮርኮም። ድንጋዮቹ ይገጥማሉ፤ ወረቀት እንኳ በመሃላቸው አያልፍም።] አየህ? ሰባት መቶ ዓመት ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ኖረዋል። የአጥር ነገር አይለያቸውም።

ሊቁ፦ [ድምፁን ዝቅ አድርጎ] ይኸን ለአጎቴ እንዳትነግረው።

[ሥራው ይቀጥላል። አያቶች፣ የአክስት ልጆች፣ አንድ ሁሌ ዘግይቶ የሚመጣ ዘመድ። ሰባት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ሁለቱም ላብ በላብ ሆነዋል። ቅስቱ ከግራም ከቀኝም ወደ መሃል ተጠግቶ ጫፍና ጫፉ ሊገናኝ ነው።]

ሊቁ፦ እኔ የምልህ... ለማወቅ ያህል ነው። እኔስ?

ዝግታ፦ አንተ ምን?

ሊቁ፦ እኔ የትኛው ነኝ? ያው እንደ ኃላፊነቴ መሃል አናቱ ላይ ገብቶ ቅስቱን የሚዘጋው እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ዝግታ፦ እሱ አማቴ ናት።

ሊቁ፦ እናቴ?

ዝግታ፦ እሷ እስክትገባ ሁሉም ይወዛወዛል። ስትገባ ሁሉም ጸጥ ይላል። ሌላ ማን ሊሆን ይችላል?

ሊቁ፦ እሱስ ልክ ነህ። እኔስ?

ዝግታ፦ ከእሷ ጎን። ይኸውልህ። ብቻህን ስትሆን ትንሸራተታለህ፤ እሷ ስትመጣ ቀጥ ትላለህ።

ሊቁ፦ [ድንጋዩን አገላብጦ ያየዋል] ታቹ ትንሽ ጠበብ አላለም?

ዝግታ፦ የቅስት ድንጋይ ሁሉ እንደዚያ ነው። አትከፋ።

[ሊቁ ቦታውን ይይዛል። እናትየው ይገባሉ። ጸጥ። የቀረው ከሥር ያለውን የእንጨት ደጋፊ አውርዶ ቅስቱ በራሱ መቆሙን ማየት ነው።]

ዝግታ፦ በል፣ የደጋፊውን ሽብልቆች ላወልቃቸው ነው። ና ከሥሩ ቁም።

ሊቁ፦ ከሥሩ?

ዝግታ፦ የሠራ ሰው ከሥሩ ይቆማል። እኔን ያስተማሩኝ እንደዚያ ነው።

ሊቁ፦ እኔ ራቅ ብዬ አጠቃላይ ገጽታውን መገምገም አለብኝ። [ከአሸዋው ክምር ጀርባ ይሄዳል። ሄልሜቱ ብቻ ይታያል።]

ዝግታ፦ [ከቅስቱ ሥር ቆሞ፣ ሽብልቆቹን በመዶሻ እየመታ] አጎትዬ፣ ጠንከር ይበሉ... አክስትዬ፣ በርቺ... አማቴ፣ አደራዎን...

[ደጋፊው ይወርዳል። አንዲት የኖራ ፍርፋሪ የዝግታ ትከሻ ላይ ጠብ ትላለች።]

ሊቁ፦ [ከአሸዋው ጀርባ] ሞትክ?

ዝግታ፦ የለም።

ሊቁ፦ ቆመ! ቆመ! ቆምን! [እየሮጠ መጥቶ ያቅፈዋል]

ዝግታ፦ [ቀና ብሎ እያየ] ልጆቹ መጽሐፍ ይዘው በአማቴ ሥር ሲያልፉ አሁን ታየኝ።

[የሊቁ ስልክ ይጮሃል። ሊቁ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ሄልሜቱን ያቃናል።]

ሊቁ፦ [ድምፁን አወፍሮ] አቤት፣ ክብርት ሰብሳቢ! ... ይታይዎታል? ... አዎን፣ ሃያ ሦስቱም! ... ቦታቸውን እንዴት እንዳወቅን? [ወደ ዝግታ ያያል። ዝግታ እጁን በሱሪው ጠርጎ፣ ፈገግ ብሎ ወደ ስልኩ ጠጋ ይላል። ሊቁ ስልኩን ወደ ግድግዳው ያዞራል።] በእኔ ዘዴ ነው! በደብተሬ። ፍጹም ሳይንሳዊ ነው። ... ማን፣ እሱ? የለም፣ የለም፣ እሱ ድንጋይ የሚያቀብለኝ ሰው ነው። ... ቤቱ ጸደቀ? እግዜር ይስጥልኝ! ... አስተማሪነቱም? ... የጓሮው በር? ... ነገ ጠዋት? ... ኮሚቴው ፊት? ... እኔው ራሴ? ... በደብተሬ። እንዴታ። እንዴታ። [ስልኩን ይዘጋል። ቀስ ብሎ አሸዋው ላይ ይቀመጣል።]

ዝግታ፦ ምን አለች?

ሊቁ፦ ቤቱ ማስተማሪያ እንዲሆን ጸድቋል።

ዝግታ፦ ተመስገን! ታዲያ ፊትህ ምን ሆነ?

ሊቁ፦ ነገ ኮሚቴው በሙሉ ይመጣል። የፈረሰውን የጓሮ በር ቅስት ዓይናቸው እያየ ድንጋይ በድንጋይ እንድገነባ። «ዘዴህን እንማር» አለች። ከገነባሁ የአስተማሪነቱ ደብዳቤ እዚያው ይፈረማል። ድንጋይ የሚያቀብል ሰው እነሱ ይዘው ይመጣሉ።

ዝግታ፦ ጥሩ ነው። ድንጋይ የሚያቀብል ሰው እንኳ አያሳጣህ።

ሊቁ፦ አማቼ... ወንድሜ... ያልኩት እኮ ለአፌ ያህል ነው።

ዝግታ፦ እኔም የሰማሁት ለጆሮዬ ያህል ነው።

ሊቁ፦ የጓሮዎቹ ላይ... ቁጥር አለ?

ዝግታ፦ ሁሉንም ነው ያጠብኩት።

ሊቁ፦ ስማቸውስ? ስማቸውን ንገረኝ፣ ልጻፈው! [ደብተሩን ይገልጣል] ታች ማን ነው?

ዝግታ፦ እነሱን አላውቃቸውም።

ሊቁ፦ እንዴት አታውቃቸውም?

ዝግታ፦ ያፈረስካቸው እኔ ጥርሴን ላስነቅል የሄድኩ ቀን ነዋ! ብቻህን። «አንተ ሳትኖር ሥራ ይፈጥናል» ብለህ። እኔና እነሱ አልተዋወቅንም።

ሊቁ፦ አርባ አንድ ድንጋይ! እስከ ነገ ጠዋት! ምን ልሁን?

ዝግታ፦ [ካዞላውን አጥቦ ወደ ከረጢቱ እየከተተ] አይዞህ፣ ገና በቀን ነው። ፊታቸው ቁጭ በል፤ አንድ በአንድ እያቸው፣ ስም አውጣላቸው።

ሊቁ፦ አርባ አንድ ዘመድ ከየት አመጣለሁ? ዘመዶቼን እዚህ በር ላይ ጨርሰሃቸዋል!

ዝግታ፦ የሚስትህን ወገን ውሰድ፤ እነሱ እንዲያውም ይተርፋሉ። [ከረጢቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ በቅስቱ ሥር ያልፋል፤ ከዚያ ዞር ይላል] ብቻ ለአማትህ ቦታ ስትሰጥ ተጠንቀቅ። ታች ካደረግካት ቅስቱ አይቆምም፤ አናቱ ላይ ካደረግካት ደግሞ አንተ አትቆምም።