እትዬ ባይሽ ያመለከቱለት ሾፌር

በየትኛውም ከተማ አንድ ኮፒ ቤት አይጠፋም፤ በኮፒ ቤቱ ውስጥም ምን ሆነህ መኖር እንዳለብህ ካንተ በላይ የሚያውቅ አንድ ሰው ተቀምጦ ይጠብቅሃል። መታወቂያህን ኮፒ ልታስደርግ ትገባለህ፤ ስትወጣ ለግምጃ ቤት ኃላፊነት ተመዝግበሃል። እምቢ እንዳትል ኦሪጅናሉ በእጁ ነው።

አዋሽ ሰባት ኪሎ ላይ ይህን መንበር የያዙት ክብርት ወይዘሮ ባይሽ ናቸው። አባታቸው የምድር ባቡር ሰው ነበሩ፤ እሳቸውም በወጣትነታቸው እዚያው ጣቢያ ትኬት ሸጠዋል። ባቡሩ ቀረ። ሰውን ወደ ሌላ ቦታ የመላክ አመላቸው ግን አልቀረም። ዛሬ ከጣቢያው በር ፊት ለፊት ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ከአንድ ኮምፒውተር፣ ከአንድ ኮፒ ማሽንና ከአንድ ቬንትሌተር ጋር ተቀምጠው ይውላሉ። ቬንትሌተሩ የሚነፍሰው ለማሽኑ ነው። ደንበኛ በላብ ተጠምቆ ቢያጉረመርም "ማሽን ይታመማል፤ ሰው ይለምዳል" ይሉታል። በሩ ላይ "ጽሕፈት፣ ኮፒ፣ ላሚኔሽን" የሚል በቀለም ተጽፏል፤ ከሥሩ በማርከር "የሥራ ምክር" የምትል ጨምረዋል። ለምክሩ አያስከፍሉም። ስለማያስከፍሉም ማንም አይተርፍም።

ዳውድ እጃቸው ላይ የወደቀው ሚያዝያ ውስጥ ነው። አርባ ሦስት ዓመቱ ሲሆን አሥራ ዘጠኙን ያሳለፈው በተሳቢ መሪ ላይ ነው፤ ከጅቡቲ ማዳበሪያ ጭኖ ይወጣል፣ አራግፎ ይመለሳል፣ ደግሞ ይወጣል። በዚያ ሰሞን አዳማ ያለ አንድ ሐኪም ራጁን ወደ መብራቱ አንሥቶ አየና "ዲስክህ ተንሸራቷል። አንድ ዓመት ከጨመርክ ያለ ክራንች አትራመድም፤ ሌላ ሥራ ፈልግ" አለው። ይህን ብሎ ቀጣዩን በሽተኛ ጠራ። ዳውድ ለሚስቱ ለፋኢዛ የነገራት ግማሹን ነው። ግማሹን ከጋቢና ሲወርድ እያየችው ራሷ ጨረሰችው፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ መኪናው ሲቆም ከቤት በርጩማ ይዛ እየወጣች ከእግሩ ሥር ታስቀምጥለት ነበር። ሾፌሮቹ ሲያዩ ያፍራል፤ እሷ ግን በርጩማዋን አልተወችም።

ሌላ ሥራ! ዳውድ ማስታወቂያዎቹን ማንበብ ጀመረ። አንዱ ዕድሜ ከሠላሳ አምስት ያልበለጠ ይላል፣ ሌላው ዲግሪ ያለው ይላል፤ ሦስተኛው ሁለቱንም ጠይቆ ሲያበቃ "መልከ መልካም ቢሆን ይመረጣል" ብሎ ይጨምራል። ማስታወቂያ የሚያወጡት ሰዎች አንድ ቀን ዳውድን መንገድ ላይ አግኝተው ቂም የያዙበት ይመስል ነበር።

ኮፒ ቤት የገባው መንጃ ፈቃዱን ሊያባዛ ብቻ ነው። እትዬ ባይሽ መንጃ ፈቃዱን አዩ፣ ከዚያ ግድግዳውን ተደግፎ ሲቀመጥ እሱን አዩ።

"ምነው እንደ እርጉዝ በስንት ጣር ተቀመጥህ?"

"ወገቤ ነው እትዬ። ሐኪሙ መንዳት ተው ብሎኛል።"

"እና?"

"እናማ እኔ ሾፌር ነኝ። ምን እሆናለሁ?"

"ነበርክ" አሉ፣ ኪቦርዱን ወደ ራሳቸው እየሳቡ። "ስም እስከ አያት።"

እንዲህ ተጀመረ። በእትዬ ባይሽ እምነት ሰው ሥራ የሚያጣው ትምህርት ስላነሰው ወይም ዘመድ ስለሌለው አይደለም፤ ማመልከቻው ስላላማረ ነው። የማመልከቻ ውበት ደግሞ ነጠላ ሰረዝ ነው። የእሳቸው ማመልከቻ "ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደሞከርኩት" ብሎ ይነሣና በነጠላ ሰረዝ ላይ እየዘለለ ሁለት ገጽ ሙሉ አራት ነጥብ ሳያይ ይሄዳል። ማሽናቸው ላይ ተጽፎ የወጣ ሰው ሁሉ "ትጉህ፣ ታታሪ፣ ታዛዥ፣ ተግባቢ" ነው፤ በዚህ በኩል የአዋሽ ሥራ ፈላጊ የአንድ እናት ልጅ ይመስላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ እትዬ ባይሽ ባዶ ገጽ አይወዱም። የቀድሞውን ደንበኛ ማመልከቻ ይከፍቱና ስሙን ቀይረው፣ ከወዲህ ነቅለው ከወዲያ ተክለው ያዘጋጁታል።

መጀመሪያ የላኩት አስጎብኚ እንዲሆን ነበር።

"ይሄ ላንተ ነው የወጣው!" አሉት ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ እየመቱ። "አሥራ ዘጠኝ ዓመት በፓርኩ ውስጥ አልፈህ ተመላልሰሃል። ከዚህ በላይ ልምድ ምን አለ?"

ፈታኙ በፓርኩ ስላለው የዱር እንስሳ ስለ ሳላ የሚያውቀውን እንዲያብራራ ጠየቀው። ዳውድ "ክላክስ አይሰማም" አለ። ሌላ የሚጨምረው አልነበረውም፤ እውነቱን ነው፣ ሳላን ሁልጊዜ የሚያየው ከፊቱ ሲያቋርጥ ነው። ቀጥሎ የሆቴል እንግዳ ተቀባይ አደረጉት። ለሙከራ አንድ ቀን ቆመ፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ከሰላምታ አስቀድሞ "ጭነቱ ምንድን ነው?" ብሎ ስለጠየቀ ሁለተኛ ቀን አልተሰጠውም። ከመልካ ወረር በኩል የወጣች አንዲት የጥበቃ ሥራም ነበረች፤ እሷን ደግሞ አሥራ ሁለት ሰዓት በእግር መቆም አበላሻት። ከየፈተናው ሲመለስ እትዬ ባይሽ ቅር አይላቸውም። "ባይገባቸው ነው" ይላሉ፣ ማሽኑን እያሞቁ። ዳውድ ግን በመሃሉ እየነዳ ነበር፤ መብላት ግድ ነው። በየምልልሱ ግራ እግሩ ትንሽ ትንሽ እየደነዘዘ መጥቶ በሰኔ መጨረሻ ፍሪሲዮን መርገጡን የሚያውቀው በዓይኑ አይቶ ሆነ። ለፋኢዛ አልነገራትም። ለእትዬ ባይሽም አልነገራቸውም፤ እሳቸው ግን ሲገባና ሲወጣ ጫማውን ያዩ ነበር።

ከሁሉ የባሰው ችግር የሥራ ልምድ ደብዳቤ ነው። አገሩ ሁሉ ያውቀዋል፣ ወረቀት ግን አያውቀውም። የመኪናው ባለቤት አዳማ የሚኖሩት ሐጂ ጁነዲን ናቸው፤ ክፉ ሰው አይደሉም፣ ጥሩ ሾፌር ማጣትና ማኅተም ማውጣት ግን እኩል ያስጠላቸዋል። ዳውድ ደውሎ ሲለምናቸው "ልምድህን መንገዱ ያውቀው የለ? ወረቀት ምን ይጨምርልሃል?" ብለው ዘጉት። ይህን ለእትዬ ባይሽ ሲነግራቸው ድምፁ ተሰብሮ ነበር።

"እሺ" አሉ እትዬ ባይሽ። ሌላ አልተናገሩም፤ እሳቸው በአንድ ቃል ያቆሙበት ቀን ያ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ደብዳቤው ማኅተሙ ደምቆ በአውቶቡስ መጣ። ዳውድ "አልሐምዱሊላህ፣ ልባቸውን አራራልኝ" አለ። እትዬ ባይሽ ደብዳቤውን ተቀብለው ማሽኑ ላይ ደፉና "ሦስት ኮፒ ይበቃናል" አሉ።

በዚያው ሳምንት ሰመራ ላይ አዲስ የተከፈተ አንድ የጭነት ድርጅት የስምሪት ኃላፊ ፈለገ። ምዝገባው በነጋታው ያበቃል።

"ይሄ ላንተ ነው የወጣው!"

"እትዬ፣ ስለ ሳላውም እንደዚሁ ብለውኝ ነበር።"

"ሳላውን ተወው። ተቀመጥ።"

መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል። እትዬ ባይሽ በመጣ ቁጥር ይጽፋሉ፣ በሄደ ቁጥር ይረግማሉ። በመጨረሻ ሁለት ገጽ አውጥተው፣ ፖስታ ውስጥ ከተው፣ ራሳቸው አሸጉት። "እንዳትከፍተው፣ ላብህ ያበላሸዋል" አሉት። ዳውድ ጠዋት በአውቶቡስ ተነሣ። በዚያ መንገድ ተሳፋሪ ሆኖ ሲሄድ የመጀመሪያው ነው፤ በየኩርባው በቀኝ እግሩ የሌለ ፍሬን እየረገጠ ሰመራ ደረሰ። ተመዘገበ፤ ከሳምንት በኋላም ለቃለ መጠይቅ ተጠራ።

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው። ሰብሳቢዋ ወይዘሮ አምለሰት መነጽራቸውን አድርገው ማመልከቻውን ማንበብ ጀመሩ፤ ታታሪውን አለፉ፣ ታዛዡን አለፉ፣ ሁለተኛው ገጽ መሃል ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ወደ ዳውድ አዩ። እንደገና ወደ ወረቀቱ አዩ።

"አቶ ዳውድ፣ ይቺን ቢያብራሩልን። 'ባለፉት አራት ዓመታት፣ ሌት ተቀን ሳልል፣ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት እናቶችን፣ በሰላም አዋልጃለሁ።'"

የፀዲ ነው፤ ከእሱ በፊት ያመለከተችው የጤና ጣቢያዋ አዋላጅ ፀዲ! ዳውድ እትዬ ባይሽን በልቡ ከነማሽናቸው ገደል ጨመራቸው። አንድ መቶ ዓመት ቢኖር የማይረሳው ውርደት ሆኖ ተሰማው፤ ከዚህ ወጥቶ የሚመለሰው ወደ ጋቢናው ነው፣ ከጋቢናው ቀጥሎ ደግሞ ክራንች ነው። መዋሸት አሰበ፣ ግን በዚህ ላይ ምን ተብሎ ይዋሻል?

"የኔ አይደለም" አለ። "ኮፒ ቤት የሚጽፉልን ሴትዮ የሌላ ሰው ቀላቅለውብኝ ነው። እኔ የማውቀው ጭነት ነው። እናት አዋልጄ አላውቅም። ይቅርታ።"

አንደኛው የኮሚቴ አባል ሳቁን ሊውጥ ሞክሮ አልሆነለትም። ወይዘሮ አምለሰት ዕንባቸውን እስኪጠርጉ ድረስ ሳቁ፤ ከዚያ ማመልከቻውን ገልብጠው የሥራ ልምዱን ደብዳቤ አወጡና ማኅተሙን ልብ ብለው አዩት።

"አሥራ ዘጠኝ ዓመት ይላል። ይሄኛውስ የእርስዎ ነው?"

"የኔ ነው።"

"ይሄ ባይኖር እስካሁን ሸኝተንዎት ነበር። እንግዲህ ይንገሩኝ፤ ማዳበሪያ የጫነ ተሳቢ ገዋኔ አካባቢ ጎማው ፈነዳ። ትርፍ ጎማ የለውም። ሾፌሩ ስልክ አያነሣም። ምን ያደርጋሉ?"

"ስንት ሰዓት ላይ ነው?" አለ ዳውድ።

"ሰባት ሰዓት፣ ቀትር ላይ።"

"እንግዲያው ጎማ ቢያገኝም አላስነሣውም። በዚያ ሙቀት የቀሩትም ይከተላሉ። ስልክ ያላነሣው ሜዳው ላይ ኔትወርክ ስለሌለ ነው፤ ከኋላው ሚሌን ያለፈ ሾፌር ማን እንደሆነ አጣርቼ መልእክቱን በእሱ እልካለሁ። ጎማ የሚያበድረውን ከሎጊያ እስከ አዋሽ በስሙ አውቀዋለሁ። እያለው የለኝም የሚለውንም አውቀዋለሁ፤ እሱን አልደውልለትም። ፀሐይዋ ስትበርድ ይነሣል። ለደንበኛው ደግሞ አሁኑኑ ደውዬ እውነቱን እነግረዋለሁ፣ ነገ ጠዋት ይደርሳል እለዋለሁ።"

ሌላ አልጠየቁትም። ከአራት ቀን በኋላ ስሙ ሰሌዳ ላይ ወጣ።

እዚያው ሰመራ ሆኖ ለሐጂ ጁነዲን ደውሎ መልቀቁን ሲነግራቸው ይቆጡኛል ብሎ ነበር።

"ማብሩክ" አሉት በደረቁ። "አንድ ነገር ብቻ አደራህን። ያቺን የባቡር ጣቢያ ሴትዮ፣ ስልኬን ከስልኳ ታጥፋልኝ።"

"የቷን ሴትዮ?"

"ኮፒ ቤቷን ነዋ! አሥራ አንድ ቀን ሙሉ፣ ልክ ለዙህር ውዱእ ስነሣ ትደውላለች። 'ሐጂ፣ ይሄ ሰው ወገቡን የጣለው የእርስዎ መኪና ላይ ነው፤ እግሩ መጎተት ጀምሯል። አንድ ወረቀት ይከብድዎታል?' ትላለች። ብዘጋ ትደውላለች። ቁጥሯን ባግዳት በሌላ ሰው ስልክ ትመጣለች። ወላሂ በመጨረሻ ባለቤቴ ናት 'ስጧትና እንረፍ' ያለችኝ። አልነገረችህም እንዴ?"

"አልነገሩኝም" አለ ዳውድ።

ስልኩን ዘጋ። እትዬ ባይሽ ያልተናገሩት ነገር! ላሚኔት ያደረጉትን መታወቂያ ሁሉ ለጣቢያው ሰፈር የሚያውጁት፣ ሰው የማዘጋጃ ቤት ፖስተኛ ሆኖ ቢቀጠር ሥራውን የፈጠሩት እሳቸው የሚመስላቸው እትዬ ባይሽ፣ ይሄን አንዱን በሆዳቸው ይዘውት ኖረዋል። እውነት ለመናገር ዳውድ አዋሽ የሚመለሰው ስለ ሦስት መቶ አሥራ ሁለቱ እናቶች ሊጣላቸው ነበር። የሚናገረውንም በአውቶቡሱ ላይ ሊያዘጋጅ አስቦ ነበር።

ኮፒ ቤቱ ሲገባ ወሬው ቀድሞታል፤ አምስት ሰው ተሰልፏል።

"መጣ!" አሉ እትዬ ባይሽ ከወንበራቸው ብድግ ብለው። "ይኸውላችሁ፣ እስቲ ጠይቁት! አንተ ልጅ፣ ንገራቸው እንጂ፤ ምንድን ነው ያስቀጠረህ? ማመልከቻዬ ነው አይደል?"

ሰልፉ በሙሉ ዞሮ አየው። ዳውድ እትዬ ባይሽን አያቸው፤ መልሱን የሚጠብቁት አገጫቸውን ቀና አድርገው ነው፣ ግን ጣቶቻቸው የጠረጴዛውን ጠርዝ ጭብጥ አድርገው ይዘዋል። በዚያች ቅጽበት እኚህን ሴትዮ ከእናቱ ቀጥሎ እንደሚወዳቸው ገባው።

"ማመልከቻዎ ነው" አለ። "ሰብሳቢዋ እያነበቡ አለቀሱ።"

"አላልኳችሁም!"

ከዚያ ዳውድ ሰልፉን አልፎ ገባና ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። ጎንበስ ማለቱ ተሳካለት። እዚያው ቀረ።

"ውይ፣ ወገብህ!" አሉ እትዬ ባይሽ ደንግጠው። "ሐኪሙ አትጎንበስ አላለህም?"

"ብሎኛል" አለ ዳውድ፣ ከታች ሆኖ።