ወንደሰን ዘሴቻ ወደ ካምባ የኮበለሉበት ዜና

በዘመነ ፋይዳ፣ መንግሥት ሰውን ሁሉ በጣት አሻራ በሚቈጥርበት በዚያ ወራት፣ ወንደሰን ወልደ ባዘዘው በተወለዱ በሠላሳ አንደኛው፣ በስብሰባ ወንበር ላይ ከነገሡ በሰባተኛው፣ እናታቸው ወይዘሮ መነን ሸሚዛቸውን መተኰስ ገና ባላቆሙበት ዓመት፣ በወርኃ ኅዳር፣ ታላቅ ኩብለላ ኮበለሉ። እርሳቸውም የባህል ባለሙያ፣ ስለ ጋሞ ሽማግሌዎች የርጥብ ሣር ዕርቅ በየአዳራሹ ጽሑፍ አቅራቢ፣ የአበል ወዳጅ፣ የሥራ ባላንጣ ነበሩ። ይህን ዜና የምጽፍ እኔ ሽመክት፣ ለጋብቻው ምስክርነት የተመረጥሁ ጓደኛቸው ነኝ፤ ያየሁትን እጽፋለሁ፣ አላሳምርም።

የኩብለላው ምክንያት ይህ ነው። ወንደሰን በኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ የሚያለሙትን የአቶ ኦይታን ልጅ ዕድላዊትን ወደዱ፣ እርሷም ወደደቻቸው፤ ለምን እንደ ወደደቻቸው ግን ብንመረምርም አልደረስንበትም። አባታቸው አቶ ባዘዘው ከሰሜን በሹመት መጥተው በአርባ ምንጭ ላይኛው ሰፈር በሴቻ የቀሩ ጡረተኛ፣ ጽዋ ማኅበር የማያስታጕሉ ኦርቶዶክስ ነበሩና «ከጴንጤ ቤት ምራት አላስገባም» ብለው ዐወጁ። አቶ ኦይታም በቤተ ክርስቲያናቸው የተከበሩ ሽማግሌ ነበሩና «ልጄን ጌታን ላልተቀበለ አልሰጥም» ብለው ዐወጁ። በዚህም ምክንያት ሁለቱ አባቶች በመንገድ ሲተላለፉ ሰላምታ ተነፋፈጉ።

ዕድላዊትም በኩልፎ ድልድይ ላይ ቆማ እንዲህ ስትል ዐወጀች፦ «ተደብቄ መኖር አልፈልግም፤ በሕግ ተጋብተን በይፋ እንመለሳለን። አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምንህ። አባቴ የመጣ ቀን አጠገቤ ቁም፤ ብቻዬን እንዳትተወኝ።» ወንደሰንም ደረታቸውን መትተው «የጫሞ አዞ አፉን ከፍቶ ቢመጣ ንቅንቅ አልልም!» ሲሉ ዐወጁ። ድልድዩ ላይ የነበሩ ጋሪዎች ቆመው ሰሙ።

ዕድላዊት ቀድማ በደጋው በካምባ ወደሚኖሩት አክስቷ ሄደች። ከሴቻ በተነሡም ጊዜ ጀግናውን የተከተለው ሠራዊት ይህ ነው፦ እኔ ሽመክት፣ መታወቂያዬን በኪሴ ይዤ፤ ሁለተኛው ምስክር ይበልጣል፣ ጥቁር መነጽሩን እንጂ መታወቂያውን ያልያዘ፣ ስለዚህም ከታችኛው ሰፈር ከሲቀላ ሊያመጣው ተመልሶ ሁላችንን ፀሐይ ላይ ያስጠበቀ፤ በማንጠልጠያ የተሰቀለ አንድ ሱፍ፤ እናታቸውም ልጄ ለመስክ ሥራ ወጣ ብለው የቋጠሩላቸው ዳቦ ቆሎ። በተራራው ጥምዝምዝ መንገድ ላይ ጀግናውን ደጋግሞ አስመለሳቸው፣ ከዚህ በቀር ጦርነት አልገጠማቸውም።

ካምባን የመረጡት በዚያ ማንም አያውቀኝም ብለው ነው። የክብር መዝገብ ሹሟም ጉዳያቸውን ሰምተው እንዲህ ሲሉ ዐወጁ፦ «ዕድሜያችሁ ደርሷል፣ ዝምድና የላችሁም፣ ሁለታችሁም ያላገባችሁ ናችሁ። አክስቷ ወይዘሮ አገርነሽ እዚህ ስለሚኖሩ ቦታውም ይፈቅዳል። ሁለት ሁለት ምስክር አቅርቡ። እኛ ደግሞ የሚቃወም ካለ እንዲመጣ ማስታወቂያ እንለጥፋለን። ሕጉ ያዘዘው ጊዜ ሲያልፍ ትጋባላችሁ።»

ማስታወቂያ የሚለውን ቃል በሰሙ ጊዜ ወንደሰን ከወንበራቸው ብድግ አሉ። ተደብቀው የመጡት ሰውዬ ሙሉ ስማቸው እስከ አያት ድረስ በአደባባይ ሊሰቀል ነው! ከቻላችሁ ከሰሌዳው ጀርባ ለጥፉልኝ ብለው ተማጠኑ፤ ሹሟም «ማስታወቂያ የሚለጠፈው ሊነበብ ነው» ብለው በዐጭሩ ዐወጁ። ከዚያም ጀግናው የዓመት ፈቃዳቸውን ሁሉ በዚያች ሰሌዳ ሥር አሳለፉት፤ ማንም እንዳያነብ ጀርባቸውን በወረቀቱ ላይ ለጥፈው፣ ሰው የሚጠብቁ መስለው፣ ፀሐይ እየበላቸው ቆሙ። በገበያ ቀን ግን ቅቤ ይዘው የመጡ ሴቶች ቅሏቸውን አስቀምጠው «ወንድሜ፣ እስቲ ፈቀቅ በል፣ እናንብብ» ሲሉ ዐወጁባቸው፣ ጀግናውም ፈቀቅ አሉ። ዜናው ከቅቤው ቀድሞ አርባ ምንጭ ገባ።

በጋብቻው ዋዜማ፣ ጀግናው ሱፋቸውን ሊያስተኵሱ ከሰሌዳው በተለዩበት ቀን፣ ሁለቱ አባቶች በየፊናቸው ለመቃወም ገሥግሠው ወጡና በሹሟ ደጃፍ ተገጣጠሙ። ሹሟም «ዕድሜ አልደረሱም የሚል አለ? ዘመዳሞች ናቸው የሚል አለ? ከሁለቱ አንዱ ያገባ ነው የሚል አለ? ደስ አላለኝም የሚል መቃወሚያ ሕጉ አያውቅም» ብለው ዐወጁ። አባቶቹም እርስ በርሳቸው ሊናከሱ ሲሉ የአገሩ ሽማግሌዎች መካከላቸው ገቡ፣ አስቀመጧቸው፣ እስኪመሽ መከሯቸው፣ ርጥብ ሣርም አስያዟቸው። በጋሞ ምድር ሽማግሌ ሣር ይዞ ከመጣ ለይቅርታ መጥቷል፤ ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም፣ ወንደሰንም በስላይድ ያስተምሩት ነበር።

በጋብቻው ዕለት ጠዋት፣ ጀግናው በወይዘሮ አገርነሽ ግቢ ከዕድላዊት አጠገብ ሱፋቸውን ለብሰው ጫማቸውን ሲያስሩ፣ ሽማግሌዎቹ ሣራቸውን ይዘው በቀስታ በበሩ ብቅ አሉ፤ አቶ ኦይታ በፊት፣ አቶ ባዘዘውም ከነከራቫታቸው አጠገባቸው ነበሩ። ወንደሰን ግን ያዩት አባታቸውን ብቻ ነው። ያን ጊዜ እንደ ፌንጣ ተፈናጥረው፣ አጥሩን በአንድ ትንፋሽ ዘለው፣ የእንሰቱን ጓሮ ሰንጥቀው፣ ከሰፊ ቅጠል ሥር ተሰወሩ። አንድ ጫማቸው አጥሩ ላይ ቀረ።

አቶ ኦይታ በጉልበታቸው ተንበርክከው «ልጄ፣ ተቆጥቼ ነበር፣ አሁን ትቼዋለሁ። ይኸው ሣር ይዤ መጣሁ። ልጁ የት አለ? እጁን ልያዝ» ሲሉ ዐወጁ። ዕድላዊትም አባቷን አንሥታ ዞር ስትል፣ አጠገቧ ማንም የለም፣ አጥሩ ላይ አንድ ጫማ ነው ያለው። ፊቷን አየሁት፤ እስከ ዛሬ ያመኛል። አቶ ባዘዘው አንገታቸውን ደፉ።

ይበልጣል ስልክ ደውሎ የመጣው ዕርቅ ነው ብሎ ካስረዳቸው በኋላ ጀግናው ጭቃቸውን እያራገፉ ወጡ፣ ጫማቸውንም ከእጄ ተቀብለው አጠለቁ፣ ሽንቴ መጥቶ ነው ሲሉም ዐወጁ። ሁላችን ወደ ሹሟ ሄድን። ተቃዋሚ ተጠየቀ፣ አንድ እንኳ ጠፋ። ምስክሮች ተጠሩ፣ እኔና ይበልጣል ከዕድላዊት ሁለት ምስክሮች ጋር አራታችንም ቆምን። ወንደሰን ፈቃዳቸውን ሲጠየቁ «ፈቅጃለሁ!» ብለው መስኮት አንቀጠቀጡ። ዕድላዊትም እንዲህ ስትል ዐወጀች፦

«ሕጉ እኔንም ስለጠየቀኝ አመሰግናለሁ። አባቴ የመጣ ቀን አጠገቤ ቁም ብዬው ነበር። አባቴ ይቅርታ ይዞ መጣ፣ እሱ ከይቅርታ ሸሸ። ቁጣ ይዞ ቢመጣማ ምን ሊያደርግ ነበር? እኔ አልፈቀድኩም።»

ሹሟ ብዕራቸውን ከደኑ። የአባቶቹ ዕርቅ ግን አልፈረሰም፤ አቶ ኦይታና አቶ ባዘዘው ዕድላዊትን በመስኮቱ በኩል አስቀምጠው፣ የወይዘሮ መነንን ዳቦ ቆሎ አብረው እየቈረጠሙ በአውቶቡሱ አንድ ወንበር ላይ ወደ አርባ ምንጭ ወረዱ። ጀግናው ከኋላ ተቀምጠው እንደገና አስመለሳቸው።

ወንደሰን ሆይ፣ ክብር ይገባዎታል! ዕድሜ አልከለከለዎትም፣ ዝምድና አልከለከለዎትም፣ ሁለት ሃይማኖት ታርቆ መንገድ ለቀቀልዎት፤ እርስዎን የመለሰዎት በሽማግሌ እጅ ያለ ሣር ነው። እኔም ባሪያዎ ለጋብቻዎ ምስክር ሆኜ ሄድሁ፤ ለዝላይዎ ምስክር ሆኜ ተመለስሁ።