ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያሳጨድኩት ሣር

ሐምሌ በገባ ቁጥር አርፌ መቀመጥ ያቅተኛል። ሰው ሁሉ አካፋ ይዞ ይወጣል፤ ችግኝ ይተክላል፤ ፎቶ ይነሣል፤ ጭቃውን ከጫማው አራግፎ ቤቱ ይገባል። እናንተም ተክላችኋል፤ አትካዱ። እስቲ ልጠይቃችሁ፦ ባለፈው ዓመት የተከላችኋትን ችግኝ ሄዳችሁ አይታችኋታል? እኔ አላየሁም። አለማየቴ ያመጣውን ጣጣ ልንገራችሁ።

ያኔ ጎጃም ውስጥ በአንድ የዩኒቨርሲቲ ግቢ አስተምር ነበር፤ በዚያ ላይ የአረንጓዴ ግቢ ኮሚቴው ጸሐፊ ነበርኩ። ጸሐፊ ማለት ስብሰባ የሚጠራ፣ ሪፖርት የሚጽፍ፣ ችግኝ የማይነካ ሰው ነው። ችግኙን የሚነኩት አትክልተኛዋ እማማ የሺ ናቸው። አንድ ቀን ቢሮዬ ደጃፍ ቆመው፣ «መምህር፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ የተከልነው ጽድ ጸደቀ እኮ! መጥተው ይዩልኝ» አሉኝ፤ በቃሉ ጨዋታ ራሳቸው እየሳቁ።

«ነገ» አልኳቸው። ነገ ሳይመጣ ዓመቱ ዞረ።

እንግዶች ለተከላ ሊመጡ ሦስት ቀን ሲቀር ቦታ ጠፋ። ወዲያ ወዲህ ስራወጥ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ብደርስ፣ ሣሩ ወገብ ይውጣል። እማማ የሺ ለእህታቸው ለቅሶ ደብረ ኤልያስ ሄደዋል። ልጠብቃቸው? ማን ጊዜ አለው! ሁለት የቀን ሠራተኞች ጠርቼ «ሙልጭ አድርጉት» አልኳቸው። አንደኛው ከማጭዱ ቀና ብሎ፣ «ጋሼ፣ ውስጡ ችግኝ ነገር አለ» አለኝ። ስልክ እያናገርኩ ነበር። በእጄ «ቀጥሉ» አልኩት።

እማማ የሺ በማግሥቱ ጥቁር ለብሰው መጡ። ሜዳው ዳር ቆሙና፣ እጃቸውን ከታጨደው ክምር ውስጥ ሰደዱ። ክንድ የምታህል የጽድ ቀንበጥ መዘዙ። ሌላ። ደግሞ ሌላ።

«ሣሩን ሆን ብዬ ነው የተውኩት» አሉ። «ከጮቄ ተራራ የሚወርደው ውርጭ እንዳይበላቸው፣ ልብስ ይሁናቸው ብዬ። ልጄ፣ ምን አደረግህ?»

እስከዚያች ሰዓት «እርስዎ» ነበርኩ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

«አላወቅሁም» አልኩ።

«ና እይ ብዬህ ነበር» አሉ፤ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ ሳያደርጉ።

እንግዶቹ መጡ፤ ተከሉ፤ ተጨበጨበ። እኔ ዳር ቆሜ እግሬን ስቀያይር ዋልኩ። ውስጤ አላርፍ ስላለኝ በሚቀጥለው ስብሰባ ተነሥቼ ያጠፋሁትን ተናገርኩ። ይቆጡኛል ብዬ አንገቴን ስደፋ፣ ኮሚቴው «ጥሩ ትምህርት ነው» አለና፣ ስሕተቱ እንዳይደገም «ችግኞችን እንንከባከብ» የሚል ሰሌዳ እንዲቆም ወሰነ። ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔው ነኝ።

ሰሌዳው የመጣ ዕለት፣ ትንሽ ይጽናኑ ብዬ እማማ የሺን ጠራኋቸው። ቆንጆ ነው፤ ወፍራም፣ በደንብ የተላገ፣ ፊደሉ በአረንጓዴ ቀለም የተጻፈ። ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። እርሳቸው ጽሑፉን አላዩትም። ጠርዙን በጥፍራቸው ፋቅ አድርገው አሸተቱት።

«ጽድ ነው» አሉ። «የቆየ፣ ትልቅ ጽድ።»

እማማ የሺ አካፋቸውን አነሡና ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ቃኙት።

«ይሄንን የት ልትከልልህ?» አሉኝ።