የንጉሥ የሩቅ ዘመድ

የንጉሥ ዘመድ ነኝ የሚል ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ፍራንክፈርት ብቻ ሦስት አውቃለሁ። ለመሆኑ ንጉሡ ይህን ሁሉ ዘመድ መቼ አፈሩት?

ከሦስቱ አንዱ አቶ ዘውዴ ናቸው። ጉትሎይትፊርቴል በሚባለው የከተማው ሰፈር በተደገሰ ክርስትና ላይ አዳራሹ ውስጥ መደገፊያ ያለው አንድ ወንበር ብቻ ነበር፤ ሌላው ሁሉ አግዳሚ ነው። በወንበሩ ላይ አቶ ዘውዴ ተሰይመዋል። ጓደኛዬ አስካለ ጉልበቷን ኦፕራሲዮን ካደረገች ገና ሳምንቷ ነው፤ አግዳሚው ዝቅ ስለሚልባት ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች።

«አቶ ዘውዴ፣ ወንበሩን ለአስካለ ይልቀቁላት» አልኳቸው።

«እሜቴ፣ ዘር የሚያከብር ሕዝብ ጃፓን ብቻ ቀረ። እዚያ የንጉሡ የሩቅ ዘመድ እንኳ ይሰገድለታል።»

ጃፓንን የጠሩት ግን በማይሆን ሰው ፊት ነው። እኔ በምኖርበት ኦስትኤንድ ሰፈር ያለችው ጎረቤቴ ጃፓናዊት ናት፤ ሁሉን አጫውታኛለች።

«ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የጃፓን ንጉሥ ቤተሰብና ወንድሞቹ ብቻ በማዕረጋቸው ቀርተው፣ አሥራ አንድ የዘመድ ቤቶች በአንድ ቀን ተራ ሰው ሆኑ። እንደ ጎረቤታቸው ግብር ከፈሉ፣ ሥራ ፈለጉ። ዛሬም ልዕልት ተራ ሰው ካገባች ማዕረጓን ታጣለች» አልኳቸው። ወንዱ ሲያገባ አለማጣቱ ለእኔ እስካሁን አልተዋጠልኝም፤ እሱን ግን ለሌላ ቀን አቆየሁት።

አቶ ዘውዴ አንገታቸውን ደፉ። «ታዲያ እኔ ማን ልባል ነው?»

«አቶ ዘውዴ። ምን አነሰዎት?»

ተነሡ፤ አስካለም እግሯን ዘርግታ ተቀመጠች። እሳቸው ምግብ ለማንሣት ከሰው ጋር ተሰለፉ። ሕፃን ያቀፈች እናት ከኋላቸው ስትቆም ዞር ብለው፣ «እለፊ፣ ፈቅደናል» ሲሏት ሰማሁ።