ኑሮህ ከአምስት ስንት ነው?

[ጠባብ ሳሎን፣ ጠዋት። ሁለት ወንድማማቾች። ታላቁ፣ የመጋዘን ሠራተኛው ጋሼ፣ በአንድ እጁ አዲስ ሸሚዝ፣ በሌላው ክርኑ የተቀደደ ሸሚዝ ይዞ ይንጎራደዳል። ታናሹ ስልክ ጠጋኝ ነው፤ በተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ሆኖ የአንድ ስልክ ሆድ ዘርግፎ በብሎን መፍቻ ይነካካል። የአካል ጉዳተኞችን የኑሮ ጥራት የምትለካ ባለሙያ ዛሬ ቤታቸው ትመጣለች።]

ጋሼ፦ የተቀደደውን ልበስ አልኩህ እኮ!

ጠጋኙ፦ ጋሼ፣ ይሄ የእኔ አይደለም። የአንተ ነው።

ጋሼ፦ የማንም ይሁን! ሴትዮዋ ገና ከበር ስታይህ አንጀቷን መብላት አለብህ።

ጠጋኙ፦ ልትለካ እንጂ ልታለቅስ አትመጣም።

ጋሼ፦ አንተ ምን ታውቃለህ! ለቤተሰብ የሰጡትን ስልጠና የወሰድኩት እኔ ነኝ።

ጠጋኙ፦ የግማሽ ቀን ስልጠና። እሱንም ከሻይ በኋላ ተኝተህ ነበር አሉ።

ጋሼ፦ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የማዳምጠው! ስማኝ። የኑሮ ጥራት የሚለካው ከአንድ እስከ አምስት ነው። አንድ ማለት ጉድ ፈልቷል፣ አምስት ማለት ሰውየው ዓለሙን እየቀጨ ነው። አንተ ለሁሉም “አንድ” ትላለህ።

ጠጋኙ፦ ለምን?

ጋሼ፦ ዝቅ ስትል ነዋ ድጋፍ የሚመጣው! ባትሪ ያለው ወንበር ቢሰጡህስ?

ጠጋኙ፦ ይሄን በእጄ እየገፋሁ ክንዴ ብረት ሆኗል። ባትሪ ምን ይሠራልኛል?

ጋሼ፦ ለአንተ ነው ማን አለህ? ለእኔ ነው። ገበያ ስሄድ ጉልበቴን ያመኛል።

ጠጋኙ፦ [እየሳቀ] እሱን ለሴትዮዋ ልንገራት?

ጋሼ፦ አፍህን ያዝ! ና፣ እንለማመድ። እኔ ሴትዮዋ ነኝ። [ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል ያደርጋል፤ ድምፁን ያቀጥናል] እንደምን አደሩ? ቤት ውስጥ የሚደረግልዎ እንክብካቤ እንዴት ነው?

ጠጋኙ፦ አንድ።

ጋሼ፦ [በራሱ ድምፅ] ምን?!

ጠጋኙ፦ ለሁሉም አንድ በል አላልከኝም?

ጋሼ፦ እንዴ! እንክብካቤው እኮ እኔ ነኝ! ገበናችንን አደባባይ ልታወጣው ነው? እዚህ ላይ አምስት!

ጠጋኙ፦ እሺ፣ አምስት።

ጋሼ፦ [በቀጭኑ ድምፅ] ምግቡስ?

ጠጋኙ፦ እሱም አምስት።

ጋሼ፦ ምግቡ ላይ እንኳ ሁለት በል፤ ማን ያውቃል፣ አንድ ነገር ይዘው ይመጡ ይሆናል።

ጠጋኙ፦ የማበስለው እኔ ነኝ እኮ። ለራሴ ሁለት ልስጥ?

ጋሼ፦ ጨው ታበዛለህ። ሁለትም ሲበዛብህ ነው። [በቀጭኑ ድምፅ] ከሰው ጋር ያለዎት ግንኙነትስ? [ወዲያው በወፍራም ድምፅ] “እሜቴ፣ ከወንድሜ በቀር ማንም የለኝም!”

ጠጋኙ፦ ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት! እኔን እኮ ነው የጠየቀችው።

ጋሼ፦ እሺ መልስ።

ጠጋኙ፦ ሱቄ ከሰው ጎድሎ አያውቅም። ማታ ማታ ከጓደኞቼ ጋር ዳማ እንጫወታለን። የዛሬ ሳምንት ሠርግ ተጠርቻለሁ፤ ሚዜ ነኝ።

ጋሼ፦ ኧረ ቀስ! ይሄን ሁሉ ከሰማች ሻይዋን ሳትጨርስ ነው ተነሥታ የምትሄደው። ብቸኛ ነኝ በል። ከሥራ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ሥራ፣ ማታ ግድግዳ እያየሁ እተኛለሁ በል።

ጠጋኙ፦ ይሄ የማን ኑሮ ነው?

ጋሼ፦ የማንም! ለምሳሌ ያህል ነው። [ይዞራል፣ ኪሱን ይፈትሻል] መነጽሬን የት ደበቅከው?

ጠጋኙ፦ ግንባርህ ላይ።

ጋሼ፦ አውቃለሁ! እየፈተንኩህ ነው። [በቀጭኑ ድምፅ] ጠዋት ከመኝታ ማን ያስነሣዎታል?

ጠጋኙ፦ ራሴ። አንተንም የማስነሣህ እኔ ነኝ።

ጋሼ፦ እኔ ነቅቼ ነው የምተኛው! ቀጥል። [ጉሮሮውን ይጠርጋል] አሁን ዋናው ጥያቄ ነው፣ እዚህ ላይ እንዳታሳፍረኝ። “በኑሮዎ ውስጥ ምን እንዲለወጥ ይፈልጋሉ?” ስትልህ “ከባትሪ ወንበር በቀር ምንም፣ ተመስገን” ብለህ ዝም።

ጠጋኙ፦ [ብሎን መፍቻውን ያስቀምጣል] ከሱቄ ጎን ያለችውን ክፍል መከራየት እፈልጋለሁ። ደረጃ የላትም፣ በሯም ሰፊ ነው። ብቻዬን መኖር እፈልጋለሁ፣ ጋሼ።

[ፎጣው ከጋሼ ትከሻ ይወድቃል።]

ጋሼ፦ ይሄ… ለልምምዱ ነው?

ጠጋኙ፦ የምሬን ነው።

ጋሼ፦ ብትወድቅስ? ብትታመምስ? ማን ያይሃል?

ጠጋኙ፦ ስልክ አለኝ። እሱን መጠገን እንኳ አያቅተኝም።

ጋሼ፦ አትቀልድ! እኔ ለአንተ ስል ትዳር ሳልይዝ ፀጉሬ ሸበተ!

ጠጋኙ፦ አታግባ ብዬሃለሁ? ያቺ የመድኃኒት ቤቷ ሴት “እሑድ ወጣ እንበል” ብትልህ “ወንድሜን ለማን ትቼ” ብለህ ሸሸሃት። እኔ ያን እሑድ ቤትም አልነበርኩም። መደበቂያህ አደረግከኝ እንጂ ምን አደረግኩህ?

ጋሼ፦ [ወንበር ስቦ ይቀመጣል] ሆድ አስባስከኝ። ታዲያ ይሄንን ሁሉ ለሴትዮዋ ልትነግራት ነው?

ጠጋኙ፦ ነግሬያታለሁ።

ጋሼ፦ መቼ?

ጠጋኙ፦ ትናንት ሱቅ መጥታ። ገና ስንቀመጥ “እርስዎ ራስዎ ይመልሱልኝ፣ ሌላ ሰው እንዲመልስልዎ አልፈልግም” ነው ያለችው።

ጋሼ፦ እና ከማለዳ ጀምሮ እንደዚህ ፎጣ አስለብሰህ ታስጨፍረኛለህ?

ጠጋኙ፦ ራስህ ለበስከው። ደስ ብሎህ ስትሠራ ሳይ ደግሞ አሳዘንከኝና አላቋረጥኩህም።

ጋሼ፦ ዛሬ ትመጣለች ያልከኝ አንተ አይደለህም?

ጠጋኙ፦ ትመጣለች አልኩህ። ለማን እንደምትመጣ መች ጠየቅከኝ?

ጋሼ፦ ቆይ፣ ቆይ። መጀመሪያ ትናንት ምን እንደተባለ ንገረኝ።

ጠጋኙ፦ “ኑሮዎ ደህና ነው” አለችኝ። “ታዲያ ወደዚያች ክፍል እንዳይገቡ ምን ያዘዎት?” ብላ ጠየቀችኝ። “ወንድሜ” አልኳት።

ጋሼ፦ [ብድግ ብሎ] ይኸውልህ! ያሳደገ ሰው ዋጋው ይሄ ነው! ጨቋኝ፣ አሳሪ አድርገህ ሳልከኝ!

ጠጋኙ፦ ኧረ እንደሱ አላልኩም። “ወንድሜ ብቻውን መኖር አይችልም፣ ጥዬው ብወጣ ማን ያየዋል?” ነው ያልኳት።

[ጋሼ ወንበሩ ላይ ተመልሶ ይቀመጣል።]

ጋሼ፦ [ቀስ ብሎ] እና እስከ ዛሬ ከእኔ ጋር የኖርከው አዝነህልኝ ነው?

ጠጋኙ፦ ስለምወድህ ነው። ግን እውነቱን ከጠየቅከኝ፣ አዎ፣ ታሳዝነኛለህ። እኔ ማታ ስወጣ መስኮት ላይ ቆመህ ትቀራለህ። እሱ ነው እግሬን የያዘኝ።

ጋሼ፦ እሷ ምን አለች?

ጠጋኙ፦ “የቤተሰብም ኑሮ ይለካል፣ ነገ መጥቼ እሳቸውን አነጋግራለሁ” አለች።

ጋሼ፦ እኔን?! እኔ ምን ጎደለኝ? እጄ ሙሉ፣ እግሬ ሙሉ!

[በሩ ይንኳኳል። ጋሼ ይርበተበታል፤ አዲሱን ሸሚዝ በነበረው ላይ ደርቦ በተሳሳተ ቁልፍ ይቆልፋል።]

ጋሼ፦ ከምንድን ነው የምትጀምረው? ቶሎ በል!

ጠጋኙ፦ እኔን “ምን ያስደስትዎታል?” ብላ ነው የጀመረችው።

ጋሼ፦ ቀላል ነው፣ ቀላል ነው… [ያስባል። እንደገና ያስባል።] ቆይ አትክፈት! አንተ፣ እኔን የሚያስደስተኝ ምንድን ነው?

ጠጋኙ፦ [ወንበሩን ገፍቶ በሩን ይከፍታል] ይግቡ፣ እህቴ፣ ይግቡ። ይኸው ተዘጋጅቶ እየጠበቀዎት ነው። ብቻ አደራዎን ቀስ እያሉ ይጠይቁት፤ ስለ ራሱ ሲጠየቅ የመጀመሪያው ነው።